ከሜይ በኋላ የመጣው ፌብሩዋሪ

እኔ በተክሊል ያገባሁ ሴት ነኝ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ለመኩራት አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለመኩራትም ነው። ተክሊል ለማን እንደሚደርስ የሚያውቅ ያውቃል። ካባ ደርቤ፣ አክሊል ደፍቼ፣ ካህናቱ ከበውኝ ስዳር የሰፈሩ ሰው ሁሉ አይቷል። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያንን ቀን ስታወራ ነው የኖረችው። አሜሪካ ይዤው የገባሁት ወረቀት ግን ሌላ ነው የሚለው። በወረቀቱ መሠረት ልጄ የተወለደችው እኔ ከማግባቴ ሁለት ወር ቀድማ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያገባሁት በጥቅምት ነው፤ ልጄን የወለድኩት በዚያው ዓመት በነሐሴ። ጥቅምት የዓመቱ ሁለተኛ ወር፣ ነሐሴ አሥራ ሁለተኛው፤ አሥር ወር ሙሉ። ሰነዶቻችንን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መልሶ የተረጎመልን ሰው ግን ለነሐሴ ስምንት፣ ለጥቅምት ሰባት ዓመት መጨመር ሲገባው ለሁለቱም ስምንት ጨምሮ አረፈው። ዓመቱ በጃንዋሪ የሚጀምር ሰው ሲያነበው ኦገስት ከኦክቶበር ይቀድማል፤ አለቀ። ስህተቱን ያየነው ማኅተም ከተመታበት በኋላ ነበር። ፕሮሰሱ እንዳይበላሽብን ብለን ዝም አልን።

ዝም እንዳልን ዓመታት አለፉ። ልጄ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆናትና የኮሌጅ ፎርም መሙላት ስትጀምር ያን ፋይል ከቁም ሳጥን አወጣችው። ኦሮራ ያለው አፓርታማችን ውስጥ፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ የእኔን የጋብቻ ወረቀትና የእሷን የልደት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣ ፈገግ አለች።

«ማሚ፣ ዩ ኤንድ ዳድ…» አለችና ሳቋ መጣ። «ኢትስ ኦኬ። ኖባዲ ኬርስ።»

«ምኑ ነው ኦኬ?»

«አይ ሚን፣ ኢትስ ካይንድ ኦቭ ኪዩት።»

ኪዩት! ደስ ይላል ማለቷ እኮ ነው! ደሜ ፈላ። ቁጭ አድርጌ ወር ቆጠርኩላት። የሠርጌን ፎቶ አወጣሁላት፤ አክሊሉን በጣቴ እየጠቆምኩ ተክሊል ምን ማለት እንደሆነ፣ ለማን እንደሚደርስና ለማን እንደማይደርስ አስረዳኋት። ሁሉንም ሰማችኝና «ኦኬ ማሚ» አለች። ይህቺን «ኦኬ» እዚህ አገር ልጅ ያሳደገ ያውቃታል። ነገሩን ትዘጋለች እንጂ አምኜሻለሁ አትልም። ባለቤቴ ታክሲውን አቁሞ ሲገባ ነገርኩት። «እኛ እናውቀው የለ እንዴ?» ብሎ እራቱን በላ። እሱን ምን ቸገረው! እኔን ግን የገዛ ልጄ አላመነችኝም።

በዚያ ሰሞን እንግልውድ በምትባል ጎረቤት ከተማ አንዲት ባልቴት ቤት እየተመላለስኩ እሠራ ነበር። ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው መርዳት ነው፤ ማጠብ፣ ማልበስ፣ መድኃኒት ማስታወስ፣ ምሳ ማቅረብ። ባልቴቷ ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና የተጠጋ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። በእንግሊዝኛ ሁሉም «ዩ» ነው፤ እኔ ግን በልቤ እርስዎ እያልኩ ነው የማነጋግራቸው። ዓይናቸው ታሟል። የሚገርም ሕመም ነው፤ ዳር ዳሩን ያያሉ፣ መሀሉ የለም። እኔን ሲያዩኝ ፊቴ አይታያቸውም። «ዛሬ የጆሮ ጌጥ ቀይረሻል» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

እኚህ ሴት በዓለም ላይ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚፈልጉት። ሰባተኛ አያታቸው የሆነች አንዲት የእንግሊዝ ባላገር ሴት አለች፤ የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ የኖረች። ባልቴቷ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የእሷን ዘር ሲፈልጉ ነው የኖሩት። ስለ ሴትየዋ የሚታወቀው በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ የቀሩት ጥቂት መስመሮች ናቸው። ክርስትና የተነሳችበት አለ፤ ያገባችበት አለ፤ ዘጠኝ ልጆች ያስጠመቀችበት፣ ሦስቱን የቀበረችበት አለ። የራሷ ቀብር ላይ ቄሱ «የወተት ሴት» ብሎ ጽፎላታል። ላም እያለበች፣ ቅቤና አይብ እየሠራች ኖረች ማለት ነው። እኔም ወተት ባይሆንም በእጄ ሠርቼ የማድር ስለሆንኩ ወደድኳት።

የጋብቻዋን መዝገብ ኮፒ መጀመሪያ ያሳዩኝ ቀን ከስሟ ጎን በቀለም የተሠራች ጎበጥ ያለች መስቀል አየሁ። እኔ ደግሞ ምን ዓይነት መንፈሳዊ ሴት ብትሆን ነው በሠርጓ ቀን መስቀል የምትሥለው ብዬ አደነቅኩና ለባልቴቷ ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

«መጻፍ ስለማትችል ነው» አሉኝ። «ስሙን ቄሱ ይጽፋል፤ እሷ ምልክት ታደርጋለች።»

«የእኔም እናት በአውራ ጣቷ ነበር የምትፈርመው» አልኳቸው።

ሳቃቸውን አቆሙና እጄን ያዙኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለዚያች ሴት ሲያወሩ «ያቺ ሴት» ማለት ትተው «ሴትዮአችን» ይሉኝ ጀመር።

የእኔንም ዘር ጠይቀውኛል። በአባቴም በእናቴም በኩል እስከ ሰባት ቤት ቆጠርኩላቸው። ለጋብቻ ሲባል ከልጅነታችን የተማርነው ነው፤ ሰባት ቤት የማይቆጥር ሰው ዘመዱን ሊያገባ ይችላል። እሳቸው ወረቀት ለማግኘት ሃያ ዓመት የፈጀባቸውን እኔ ካልሲ እያለበስኳቸው በአፌ ተወጣሁት። ያን ቀን ኮራሁ፤ አልደብቅም።

ችግሩ የሴትዮአችን አባት ነበር። ሥረ መሠረቱን መፈለግ የጀመሩት የባልቴቷ አክስት ነበሩ፤ መዝገቡን ከእንግሊዝ አገር በፖስታ አስመጥተው ሁለት ነገር አገኙበት። ሴትዮአችን ክርስትና የተነሳችው በፌብሩዋሪ ነው። አባትና እናቷ የተጋቡት ደግሞ በዚያው ዓመት በሜይ። አክስትየዋ ከዚህ ተነስተው ታሪክ ሠሩ። እናትየዋ ገረድ ነበረች፣ ከማይታወቅ ሰው አረገዘች፣ አንድ ደግ የቀን ሠራተኛ አዝኖላት ልጅቷን በስሙ አስጠመቀላትና ኋላ አገባት። ታሪኩ በቤተሰቡ ውስጥ ለሁለት ትውልድ ሲወራ ኖረ። በዘር ሐረጉ ላይም ከሴትዮአችን በላይ፣ በአባት በኩል፣ የጥያቄ ምልክት ቆመ።

ሌክውድ የሚኖሩ የባልቴቷ አጎት ልጅ፣ ጡረታ የወጡ ጠበቃ፣ ያንን የዘር ሐረግ በትልቁ ሊያሳትሙት ነበር። በጁላይ ከየስቴቱ ለሚሰበሰበው ዘመድ የሚታይ ነው። ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው በወሩ መጨረሻ ነበር።

«ልጅ ሆኜ እናቴ በተናደደች ቁጥር እኛ እኮ ከየት እንደመጣን አይታወቅም ትል ነበር» አሉኝ ባልቴቷ። «መሀሉ ጠፍቶብኛል፤ ዳሩም ሊጠፋ ነው። ሳይጠፋ በፊት ያ የጥያቄ ምልክት ተነስቶ ማየት እፈልጋለሁ። ካልተነሳም አንድ ጊዜ ደግሜ ፈልጌ እንደነበር ልወቅ።»

ስለዚህ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ፋይሉ ውስጥ ሁለት ገጾች በየላስቲካቸው አሉ። በመጀመሪያው ላይ የክርስትናው መስመር፣ በሁለተኛው ላይ የጋብቻው መስመር በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። በሁለቱም ጀርባ አንድ ዓይነት ዓመት ተጽፏል።

«ቀዩን መስመር ብቻ አንብቢልኝ» አሉ።

የእጅ ጽሕፈቱን መሀሉ ላይ ገብቼ ላነበው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ፊደሉ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ነው። ያን ጊዜ ልጅ ሆኜ ያስተማሩን የኔታ ትዝ አሉኝ። ከመሀል የጀመረን ልጅ በአለንጋ ነበር ወደ ላይ የሚመልሱት፤ ከላይ ያልጀመረ እጁን አያውቀውም ይሉን ነበር። የጸሐፊውን እጅ ማለታቸው ነው።

«ከላይ ልጀምር» አልኳቸው።

«የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው እኮ።»

«ይሁን፤ እንተዋወቃለን።»

በየቀኑ ከምሳ በኋላ ስድስት ሰባት መስመር እናነባለን። መዝገቡ ቀብሩንም፣ ሠርጉንም፣ ክርስትናውንም ሳይለይ በየተራው የጻፈ ነው። የማልችለውን ፊደል ቅርጹን እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ይገምታሉ። አንድ ሸማኔ ተቀበረ። መንትዮች ተጠመቁ። ባልቴቷ ለእያንዳንዱ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ ወይም ደስ ይላቸዋል። ልክ እንደ ጎረቤት ወሬ ነበር።

የመጀመሪያው ገጽ የሚጀምረው በሴፕቴምበር ነው። ኦክቶበር፣ ኖቬምበር፣ ዲሴምበር እያለ ወረደ። ከዚያ ጃንዋሪ መጣ። አዲስ ዓመት ገብቷልና አዲስ ቁጥር ፈለግኩ፤ የለም። ጸሐፊው ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለ። ፌብሩዋሪ ላይ ቀዩ መስመር፣ ሴትዮአችን። ከእሷ በታች ማርች፤ ማርች ሊያልቅ ሲል ደግሞ መስመሩን ሙሉ የያዘ አዲስ የዓመት ቁጥር።

«ይህ ሰውዬ ምን ሆኗል?» አልኩ በአማርኛ።

ሁለተኛውን ገጽ ከላስቲኩ አወጣሁት። አናቱ ላይ ትልቅ የዓመት ቁጥር፣ በመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ ካየሁት በአንድ የሚያንስ፤ ከሥሩ የማርች መጨረሻ። ኤፕሪል። ሜይ፣ ቀዩ መስመር፣ ጋብቻው። ጁን፣ ጁላይ፣ ኦገስት፤ ገጹ አለቀ።

ምን እንደሆነ ሳላስበው ነው የገባኝ። ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጡብኝ። ገጾቹ ተገላብጠው ነበር የተቀመጡት። አክስትየዋ ፌብሩዋሪ ከሜይ ይቀድማል ብለው የክርስትናውን ገጽ ከፊት አደረጉት። የእነዚያ ሰዎች መስከረም ግን ማርች መጨረሻ ላይ ነበር። ሜይ የዓመቱ መጀመሪያ ነው፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ የዓመቱ ጅራት። እንደኔው ጥቅምትና ነሐሴ።

«ሴትዮአችን አባት አላት!» ብዬ ጮህኩ።

ባልቴቷ ደነገጡ። ገጾቹን በትክክል አስቀምጬ፣ ጣታቸውን ይዤ ከላይ እስከ ታች መራኋቸው። ሜይ ላይ አቆምኳቸው። ከዚያ ወር በወር፣ እሳቸው በጣታቸው እኔ በአፌ፣ እስከ ፌብሩዋሪ ቆጠርን። ዘጠኝ ወር ከጥቂት ቀን።

ጣታቸውን ፌብሩዋሪ ላይ እንዳኖሩ፣ «ጊዜ አላባከኑም» አሉ፤ እንባቸው ይወርድ ነበር።

በሳምንቱ ጠበቃው መጡ። ሰውዬው ክፉ አይደሉም፤ ግን ሕይወታቸውን ሙሉ ሰው ሲናገር ያዳመጡት ለማፍረስ ነው። ባልቴቷ ሲነግሯቸው በትዕግሥት ሰሙና፣ «ረዳትሽ መልካም አሳቢ ናት፤ ነገር ግን ዓመት በጃንዋሪ እንደሚጀምር ልጅም ያውቃል» አሉ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም አልኩ በልቤ። በአፌ ያልኩት ግን ሌላ ነው። የእኔን ሁለት ወረቀቶች ከቦርሳዬ አወጣሁ። ያን ቀን ሆነ ብዬ ይዣቸው ነበር የመጣሁት፤ ሰውዬው ማስረጃ እንጂ ወሬ እንደማይፈልጉ ገብቶኛል።

«እነዚህን ያንብቡ» አልኳቸው። «ልጄ መቼ ተወለደች? እኔ መቼ አገባሁ?»

አነበቡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህ የግል ጉዳይ ነው» አሉ።

«አየሽ፣ እሳቸውም እንደ ልጄ ናቸው» አልኩ ለራሴ። ከዚያ ስለ መስከረም ነገርኳቸው። ዓመት የትም ቦታ ላይ ሊጀምር እንደሚችል፣ እኔ ለሰላሳ ዓመት በሴፕቴምበር አዲስ ዓመት ያከበርኩ ሴት እንደሆንኩ፣ ወረቀቴን የተረጎመው ሰው ምን እንዳደረገ ነገርኳቸው። በተክሊል ማግባቴንም ነገርኳቸው። አስፈላጊ አልነበረም፤ ግን ነገርኳቸው።

የመዝገቡን ገጾች አነሱ። ያንን አዲስ ቁጥር ማርች መጨረሻ ላይ አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩት። ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። እንግሊዝ አገር ወዳለው መዝገብ ቤት ጽፈው ኖሮ ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ደወሉ፤ ለሁለታችንም እንዲሰማ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ያን ጊዜ የእንግሊዝ ዓመት የሚጀምረው በማርች ሃያ አምስት፣ በብሥራት ቀን ነበር አሉ። የድሮ መዝገብ የሚያገላብጥ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ እኛ ቤት ብቻ ማንም አልጠየቀም። ማተሚያ ቤቱንም አስቁሜያለሁ አሉ።

«ያንቺን ረዳት ይቅርታ ጠይቂልኝ» አሉ።

«እዚሁ ናት፤ ራስህ ጠይቃት» አሏቸው ባልቴቷ።

ጠየቁኝ፤ እኔም ተቀበልኩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለንስሐ አባቴ ነገሩን ስነግራቸው፣ በድሮው አቆጣጠር ማርች ሃያ አምስት የኛ መጋቢት ሃያ ዘጠኝ፣ የጌታ ፅንሰት የሚታሰብበት ቀን መሆኑን ነገሩኝ። ሴትዮአችን ያን ያህል ባዕድ አልነበረችም ለካ።

በጁላይ ልጄ ነድታ ሌክውድ ያለው መናፈሻ ወሰደችኝ። ስልሳ የሚሆን ዘመድ ተሰብስቧል። የዘር ሐረጉ ከአጥሩ ላይ እንደ መጋረጃ ተዘርግቶ ታስሯል። ከሴትዮአችን በላይ የጥያቄ ምልክቱ የለም፤ አባቷ አለ፣ የአባቷም አባት አለ፣ እስከ ሌላ ሁለት ቤት ወጥቷል። ባልቴቷ በእኔ ክንድ ተደግፈው ቆሙ።

«ለሁለት ትውልድ ይህን ሰው ስለ ምሕረቱ ስናመሰግነው ኖርን» አሉ በአስተማሪ ድምፃቸው። «ምሕረት አላደረገም። አባቷ ነው።»

ከዚያ እንድናገር እኔን ገፉኝ። እንግሊዝኛዬ የሰው ፊት ሲበዛ ይጠፋል፤ ያን ቀን ግን አልጠፋም። ስለ ወረቀቴ ነገርኳቸው። ልጄ ከሠርጌ ሁለት ወር ቀድማ ተወለደች ስል ሳቁ። ስለ ጥቅምትና ነሐሴ ስነግራቸው ሳቃቸውን ተዉ። ጠበቃው ከኋላ ሆነው ራሳቸውን እየነቀነቁ መጀመሪያ አጨበጨቡ። ልጄ ከአጥሩ ሥር ቆማለች፤ ዓይኗ የዘር ሐረጉ ላይ፣ ሜይና ፌብሩዋሪ የተጻፉበት ቦታ ላይ ነበር። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ቀጥ ብዬ የቆምኩት በሠርጌ ዕለት ብቻ ነው።

ልጄ እየነዳች የኮልፋክስን ጎዳና ይዘን ወደ ኦሮራ ተመለስን። ኢስት ኮልፋክስ ላይ አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ከፊታችን ቆሞ ሰው ያወርዳል።

«ማሚ» አለች። «ሶ… ኦክቶበር ወዝ ፈርስት።»

«አዎ።»

«ዩ ቶልድ ሚ።»

«ነገርኩሽ።»

የጋብቻ ወረቀቴ እስከ ዛሬ እንደተሳሳተ ነው፤ ለማስተካከል የሚጠይቁት ጣጣ ብዙ ነው፤ ተውኩት።

በመከር ኮሌጅ ገባች። አንድ ቀን ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ትታ ስትወጣ፣ ከላይ አንድ ወረቀት ተጣጥፎ አየሁ። እናት ነኝ፤ ከፈትኩት። ስለ ቤተሰቧ ታሪክ ለክፍል የጻፈችው ነው። የእኔን ጋብቻ ጥቅምት፣ የራሷን ልደት ነሐሴ ብላ ወደ እነሱ አቆጣጠር ሳትመልስ ጽፋዋለች፤ ከጎናቸው በቅንፍ ኦክቶበርና ኦገስት አለ፣ ዓመቱ አንድ ነው። መምህሯ በቀይ አክብቦ «ቅደም ተከተሉ ተሳስቶ ይሆን?» ብሎ ጠይቋል። ከሥሩ በእርሳስ መልሳለታለች።

«አልተሳሳተም። የእናቴ ዓመት የሚጀምረው በሴፕቴምበር ነው።»